ቆሞ የሚጫወት ሰው

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር በመስታወቱ ደጋግሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «አንተ ሽቦ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ሽቦ የኳስ ስሜ ነው፤ ቅጥነቴን አይተው የለገሃር ልጆች ያወጡልኝ። ቤተሰቤ ያወጣልኝ ስም ዳዊት ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግን ዳዊት ብሎ የሚጠራኝ ባንክ ብቻ ነው። ነኝ አልኩት።

«አቦ፣ አንተን ለማየት ስንት ቀን ከትምህርት ቤት ፎርፌያለሁ መሰለህ» አለና ደስ አሰኘኝ። ትንሽ እንደሄድን ግን፣ «በመጨረሻ በመጨረሻ ምን ነካህ ግን? መሃል ሜዳ ቆመህ ደሞዝ ትበላ ነበር'ኮ» አለኝ። የድሬ ሰው የሚያስበውን ሆዱ ውስጥ አያሳድርም። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም ብሎኝ ሄደ።

የጥያቄው መልስ በባጃጅ መንገድ የሚያልቅ አይደለም። አሁን ታይዋን ገበያ ውስጥ ትንሽ የስፖርት ጫማ ሱቅ አለችኝ። ከተማው በሙሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ በሚቀመጥበት የቀትር ሰዓት ደንበኛ የለም። ይህን የጻፍኩት በዚያ ሰዓት ነው። ለሹፌሩ የጻፍኩት ቢመስልም ኳስ ከማቆሜ በፊት ስለነበረኝ ፍርሃት ነው የጻፍኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ከሜዳ ውጣ ሊሉኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ኳስ ካልተጫወትኩ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ኳስ የጀመርኩት ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው። የድሬን ወንዝ የማያውቅ ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ወንዛችን ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፣ ውሃ የሚመጣው ሲቆጣ ብቻ ነው። አሸዋ ላይ ኳስ አትንከባለልም። ለጓደኛህ ብትመታት መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ከእግርህ ሳትለያት፣ እየነካካህ፣ ሰውን እያታለልክ ማለፍ ትለምዳለህ። አብዶ የምንለው እሱን ነው። እኔም አብዶ ተምሬ አደግኩ። አንድ ሰው አልፌ፣ ደስ ካለኝ ተመልሼ ያንኑ ሰው እንደገና አልፈው ነበር።

ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር አንድ ፋብሪካ ለቡድኑ ወሰደኝ። በወረቀት የመጋዘን ረዳት ነኝ፤ መጋዘኑ የት እንደሆነ ግን እስክለቅ ድረስ አላየሁትም። አሰልጣኛችን ጋሽ ሙሜ ይባላል። የሐረርጌ ኦሮሞ ነው፣ ዕድሜውን በሽመና ክፍሉ ማሽኖች መሃል የጨረሰ፣ በወጣትነቱ እንደኔው አማካይ የነበረ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አንወድም፣ ጋሼ እያልን አንተ ነበር የምንለው።

ጋሽ ሙሜ አይጮህም። የማሽን ጩኸት ሲሰማ የኖረ ሰው ስለሆነ ሌላ ጩኸት መጨመር አይፈልግም ነበር። ከጨዋታ በፊት ሽርጡን አገልድሞ፣ በነጠላ ጫማ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይዞረዋል። አንዳንድ ቦታ ቆሞ መሬቱን በተረከዙ ይመታል፤ የት ኳስ እንደምትነጥር፣ የት እንደምትሞት ለማወቅ ነው። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ከመሃላችን አንዱን ያስቀራል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው እኔ ነበርኩ።

«ኳሷ ሳትደርስህ በፊት ምን አየህ?» ይለኛል።

«ኳሷን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

አይቆጣም፣ አያብራራም። «ሱታ» ይላል፣ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል።

ጥያቄው የገባኝ ሁርሶ ላይ ነው። ከወታደሮች ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገጥመን ነበር። ሁርሶ ያለ ወታደር ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ የሚያመሽ ነው። አንዱን አልፈዋለሁ፣ ሁለተኛውን ሳልፍ የመጀመሪያው ተመልሶ ከፊቴ ቆሟል። እሱን ደግሜ አልፈዋለሁ፣ ሁለተኛው ይመጣል። ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ አጠረኝ፤ እነሱ ገና መሞቃቸው ነበር። ቁርጭምጭሚቴን አሳብጠው ሸኙኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ ሙሜ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ስንት ሰው አለፍክ?» አለኝ።

«ብዙ» አልኩት፣ እየኮራሁ።

«ኳሷስ የት ደረሰች?»

ያበጠውን ቁርጭምጭሚቴን ማሸት ጀመርኩ።

«አንተ ታልፋለህ፣ ኳሷ ግን እዚያው ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለና መስኮቱን ተደግፎ ተኛ። እኔ እስከ ድሬ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ወሰደኝ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ እንድቆም አደረገና ከኋላዬ ሄደ። «ሳትዞር የት እንዳለሁ ንገረኝ» አለኝ። እንዴት አውቃለሁ ልል ስል ረጅም ጥላ በቀኝ እግሬ በኩል አልፎ ከፊቴ ተዘረጋ። በቀኝ ነህ አልኩት። ጥላው ወደ ግራ ዞረ። በግራ ነህ አልኩት። እየሮጠ ሲመጣ የጥላው ክንዶች ይወዛወዛሉ፤ ሊገፋኝ ሲቃረብ ጥላው ከኔ ጥላ ጋር ይጋባል። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ኳስ አልነካንም።

ድሬ ላይ ደመና ብርቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሌለበት ጨዋታ አይኖርም። አምበላችን እጣ ሲያወጣ፣ ለምን እንደሆነ ባልነግረውም፣ መጀመሪያ ኳስ ስቀበል ፀሐይን ከኋላዬ የሚያደርገውን ጎል ይመርጥልኛል። ፀሐይ ፊቴን በምትመታበት ሌላው አጋማሽ ደግሞ ጎኔን ሰጥቼ፣ ግማሽ ዞሬ መቀበል ተማርኩ። ኳሷ ወደኔ እየመጣች ሳለ ዓይኔን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ጣል አደርጋለሁ። ከግራ ሰው ካለ በቀኝ እዞራለሁ፣ ከቀኝ ካለ በግራ። ከሁለቱም ካለ ሳልነካት ተንከባልላ እንድታልፍ እለቃታለሁ። ተመልካቹ ጀርባው ላይ ዓይን አለው ይል ነበር። ምሥጢሩን ከጋሽ ሙሜ በቀር ለማንም አልነገርኩም፤ እንጀራዬ ነበር።

በዚያ እንጀራ አዲስ አበባ ገባሁ። ትልቅ ቡድን፣ ደህና ደሞዝ፣ ማልያ የሚያጥብልህ ሰው። እዚያ አንዳንድ ቀን እንደ ንጉሥ እጫወታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እግሬን የተዋስኩት እመስላለሁ። ብርዱ ነው አልኩ። ሽሮው ነው አልኩ። መጥፎ የሚሆንብኝ ሰማዩ በደመነ ቀን መሆኑን ያስተዋልኩት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ሠላሳን ዘለቅ ስል ጉልበቴን ታምሜ ወደ ድሬ ተመለስኩ፣ የከተማችን አንድ ቡድን ተቀበለኝ።

ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስድብህ የመጀመሪያዋን እርምጃ ነው። ሩጫው አለ፣ ትንፋሹም አለ፤ ከቆምክበት የምትፈተለክባት ያቺ አንዲት እርምጃ ግን ትጠፋለች። ሰው ማለፍ አልቻልኩም። በምትኩ ከዚያ በፊት ንቄው የነበረ ነገር ማየት ጀመርኩ። ኳስ ስታቀብል እኮ ለሰውየው መልእክት እየላክህ ነው። ከአንተ ራቅ ወዳለው እግሩ ካስቀመጥክለት «ዙር፣ ማንም የለብህም» ማለትህ ነው። ወደ ቅርቡ እግሩ ጠንከር አድርገህ ከላክህለት «ሰው አለብህ፣ መልሳት» ማለት ነው። ከፊቱ ቀስ ብለህ ከጣልክለት «ሩጥ» ማለት ነው። በሃያ ዓመቴ ኳስ ስለቅ የማስበው ስለራሴ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ተቀባዩ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ጀመርኩ። አብዶዬን የሚወድ ተመልካች ትንሽ ቅር አለው፣ አጥቂዎቹ ግን ወደዱኝ።

ሠላሳ አራት ሲሞላኝ ለስታዲየሙ መብራት መጣ። ጨዋታው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ለበሰ። ለሙቀታችን ጥሩ ነው ብለን ተደሰትን። እኔም ተደስቼ ነበር።

ያን ዓመት ከሊጉ ላለመውረድ ከታች የምንታገል ቡድን ነበርን። ከነዚያ ጨዋታዎች በአንዱ ባዶ ለባዶ ሆነን ሊያልቅ ተቃርቧል። ከኋላ ሊባን ኳስ ያዘ። ሊባን የሶማሌ ልጅ ነው፣ ያን ዓመት የመጣ ተከላካይ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ሜዳው የሚሰማው። እኔ ፊቴን ወደሱ አዙሬ ጠየቅኩት፤ አቀበለኝና ወዲያው «ሰው!» ብሎ ጮኸ። ሰው አለብህ ማለት ነው። እኔ እንደለመድኩት ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። መብራቱ በአራቱም ማዕዘን ተተክሏል፣ አንዱ ሰው አራት ስስ ጥላ አለው። እግሬ ሥር ጥላ በጥላ ላይ ተደራርቧል። አንዱ ከግራ ሲመጣ አየሁና በቀኝ ዞርኩ። የግራው ጥላ የራሳችን ልጅ ነበር። ሰውየው የመጣው ከቀኝ ነው። ኳሷን ከእግሬ ሥር አንስቶ ሄደ፣ አገባ።

ሊባን ሲጮህ አልሰማሁም ብዬ ብናገር ሁሉም ያምነኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። አላመንኩትም። እሱ ገና ትናንት የመጣ ልጅ ነው፤ እኔ በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ ከኋላዬ ማን እንዳለ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቡድኑ በመጨረሻው ጨዋታ ከመውረድ ተረፈ፣ እኔ ከወንበሩ ተነስቼ አጨበጨብኩ። ከሁሉም ያመመኝ ያ ነው፤ ያለኔ መትረፋቸው። አሰልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር፣ ዓይን ለዓይን እያየኝ ነገረኝ። «ውልህ አልቋል። በክረምቱ ልምምድ ላይ አይሃለሁ፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሰልፍሃለሁ። እሱን አይቼ እወስናለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። በሱ ቦታ ብሆን ያንንም ዕድል አልሰጥም ነበር።

ጋሽ ሙሜ ዘንድ ሄድኩ። ገንደ ቆሬ ነው ቤቱ። ስኳር ዓይኑን ወስዶበታል፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም ነበር። የሆነውን በሬዲዮ ሰምቷል። ሁሉንም ነገርኩት፣ ስለ አራቱ ጥላ፣ ስለ ሊባን ጩኸት፣ ስለ አሰልጣኙ። አልቅሼም ነበር፤ ስለማያየኝ አላፈርኩም። በድምፄ ማወቁ አይቀርም።

«ሻይ እንጠጣ፣ ተነስ» አለኝ።

ሻይ የሚጠጣው ከድሮ የሽመና ክፍል ጓደኞቹ ጋር፣ ከታይዋን ገበያ ማዶ ነው። በጠዋቱ ገበያው ጢም ብሏል። ክንዱን ልይዘው ስል፣ «ልቀቀኝ፣ ከኋላዬ ና። አፍህን ዝጋና ስማ» አለ። በትሩን ይዞ ገባ።

«ጋሽ ሙሜ፣ ካርቶን አለ፣ ወደ ቀኝ» አለው አንድ የስልክ ቀፎ ሻጭ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት፣ «አዴር፣ ቁም፣ ሞተር ይለፍ» አለችው፤ አዴር በነሱ አጎቴ ማለት ነው። ቆመ፣ ሞተሩ አለፈ። ጆንያ የተሸከመ ወጣት «ሱታ፣ ሱታ» እያለ በጎኑ አለፈ። ሌላው «ደረጃ» አለ። እግሩን አነሳ። ገበያውን ከዳር እስከ ዳር ማንንም ሳይገጭ ወጣ፤ እኔ ሁለት ዓይን ይዤ ከአንድ የልብስ መስቀያ ጋር ተላተምኩ።

ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥን።

«ዓይኔ ደህና እያለ እነዚህ ሰዎች ይነግሩኝ ነበር?» አለኝ።

«አይመስለኝም።»

«አይነግሩኝም። በራሴ የማይ ሰው ነበርኩ፣ ማንን እጠይቃለሁ?» ሻዩን ቀመሰ። «ጥላውን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ጥሩ ነገር ነበር፣ ግን ብቸኛ አደረገህ። አሥራ አንድ ሆናችሁ ስትጫወቱ አንተ ብቻህን ታይ ነበር። የዚህ ጥፋት ግማሹ የኔ ነው።»

«ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?»

«ልጁን እመነው። ሰው ብሎ ከጮኸ ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያላመንከው ሰው ሁለተኛ አይነግርህም። መጀመሪያ እሱን ታረቅ፣ ኳሱ ይደርሳል።»

እውነት ነበር። የክረምቱ ልምምድ ሲጀመር ልብ ብዬ ሳየው ሊባን ለሌላው ሁሉ ይጮሃል፣ ኳስ ወደኔ ስትመጣ ግን ዝም ይላል። ጫማችንን ስንፈታ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምንድነው ለኔ የማትናገረው?»

«ብነግርህ ትሰማኛለህ እንዴ አቦ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እሰማሃለሁ። ሰው ካልክ ሳልዞር በአንድ ንክኪ እለቃታለሁ። ዝም ካልክ እዞራለሁ። ከተሳሳትክም ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለአሰልጣኙም እንዲሁ እነግረዋለሁ።»

አላመነኝም። በማግስቱ ኳስ አቀበለኝና «ሰው!» አለ። ሳላይ በአንድ ንክኪ መለስኩለት። ዞር ስል ከኋላዬ ሰው ቀርቶ ወፍ የለም። ሊፈትነኝ ነው። ሜዳው እስኪያስተጋባ ሳቀ፣ እኔም ከጉልበቴ ሕመም ጋር ስቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ወር ሙሉ የሠራሁት ይህንን ነው። መሬት ማየት ትቼ ሰው መስማት። መስማት ስጀምር መናገርም መጣ፤ ለግራው ልጅ፣ ለቀኙ ልጅ፣ ለአጥቂያችን ለናትናኤል። ከዚያ በፊት በሜዳ ላይ ድምፄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኳስ እግሬ ላይ የምትቆይበት ጊዜ እያጠረ ሄደ፤ በመጨረሻ ነክቻት ይሁን አይሁን የማይታወቅ ሆነ። ብዙ መሮጥ አያስፈልገኝም ነበር። ኳስ የምትመጣበት ቦታ ቀድሜ ሄጄ እቆማለሁ። የባጃጁ ሹፌር ያየው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ፣ በመብራት። አሰልጣኙ እንዳለው አሰለፈኝ። ሙሉውን ጨዋታ ሜዳ ላይ ቆየሁ። ናትናኤል ሁለት አገባ፣ አሸነፍን። አሰልጣኙ ሁሉንም ጨብጦ ወጣ፣ ለኔ የተለየ ነገር አላለም። ወደ ቤት ስሄድ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮው የጨዋታውን ታሪክ ይተርካል። ናትናኤል፣ ሊባን፣ በረኛው፣ የቀኝ መስመሩ ልጅ። ጆሮዬን አቁሜ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ። የኔ ስም የለም። በደጉ ዘመን ዘጋቢው ስሜን ሲጠራ ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። አለቀ አልኩ በልቤ። ማንም ያላየውን ሰው ማን ያስፈርመዋል?

ጠዋት ጋሽ ሙሜ ደጅ ላይ ሬዲዮኑን ታቅፎ ተቀምጧል። በእርምጃዬ አወቀኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን አልጠሩትም» አልኩት። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ሰምቻለሁ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ።

«ዘጋቢው ሊባን አቀበለ ይላል። ቀጥሎ ናትናኤል ተቀበለ ይላል። ሊባን የት ነው ያለው?»

«ከኋላ።»

«ናትናኤልስ?»

«ከፊት።»

«መሃል ላይ ማን ነበር?» አለኝ። «ሰውየው ስምህን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ኳሷ ሄዳለች፤ አይደርስባትም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ። እንደ ትናንት ተጫውተህ አታውቅም፣ ልጄ።»

ልጄ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እጁን ዘርግቶ ፈልጎ ጉልበቴን አገኘው።

«ያምሃል?»

«ያመኛል።»

«ይመምህ። ሁለት ዓመት ትጫወታለህ።»

ሰኞ አሰልጣኙ ጠርቶ ውሌን አደሰልኝ። እኔ ግን የፈረምኩት ጋሽ ሙሜ ደጅ ላይ እንደሆነ ነው የሚሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ከየጨዋታው ማግስት እሱ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሬዲዮው ያልተናገረውን እሱ ይነግረኛል። የት ላይ እንደዘገየሁ፣ የትኛዋ ኳስ የኔ እንደነበረች። ተሳስቶ አያውቅም።

ሦስት ዓመት ተጫወትኩ። ጋሽ ሙሜ እስኪሞት ሁለቱን ሰማልኝ። በሦስተኛው ዓመትም ደህና ተጫውቻለሁ መሰለኝ፣ ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሰው ለምን አቆምክ ሲለኝ ጉልበቴ ነው እላለሁ። ጉልበቴማ ያን ጊዜም ያመኝ ነበር።